ሼርሎክ ሆምስ ሰይጣናችንን ሲቀማን

ዓለም በአንድ ፊልም የተጣላበትን ምክንያትና ነቀምቴ በዚያው ፊልም የተጣላችበትን ምክንያት ጎን ለጎን ስናስቀምጠው እስከ ዛሬ ያስቀናል። የጋይ ሪቺ «ሼርሎክ ሆምስ» እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሲወጣ በየአገሩ ያሉ የመጽሐፉ ወዳጆች «እንዴት ያንን ጨዋ መርማሪ ሸሚዙን አስወልቀው ቡጢ ያስገጥሙታል?» ብለው ተንጫጩ። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር አሜሪካዊ መሆኑ ራሱ ያልተዋጠላቸው ነበሩ። ፊልሙ ግን ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በጥሬ ገንዘብ መለሰላቸው። እኛ ከተማ የተነሳው ጠብ ሌላ ነው። የኛ ተመልካች ሆምስ በመደባደቡ ቅንጣት ታህል ቅር አላለውም፤ እንዲያውም በጣም ደስ አለው። ቅር ያለው ሰይጣኑን ስለቀማው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጊዜው 2002 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሰን ሥራ ፈትተናል። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ከሰኔ ጀምሮ ይቀደድና መስከረም እስኪጠባ የሚሰፋው አይገኝም። ሳይረጥቡ የሚዋልበት ቦታ ቢኖር ቪዲዮ ቤት ነው። የኛው ቪዲዮ ቤት ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዲቪዲ ማጫወቻና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። መግቢያው ሁለት ብር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ቢሰማም እንግሊዝኛውን የሚከታተለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ብዙ አልጎዳንም። ለዚያ ደግሞ ሰው ነበረን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት ጎረምሳ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እየጮኸ ይተርክልናል። ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። ዶክተር ዋትሰንን «ኦቦ ሐኪም» ብሎ የሰየመልን እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ከነቀምቴ ወጥተን ፊልሙን በንጹሕ ድምፅ ስናየው ትንሽ ደብሮናል።

ፊልሙን ላላያችሁ፦ ሎርድ ብላክዉድ የሚባል ክፉ ሰው ተይዞ ይሰቀላል። ዋትሰን ራሱ የደም ሥሩን ዳስሶ መሞቱን ያረጋግጣል። ትንሽ ቆይቶ መቃብሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ተፈንቅሎ ይገኛል፤ ሰውዬውም ሲራመድ ይታያል። ከዚያ የሚቃወሙት ሰዎች በየተራ ይረግፋሉ። አንዱ ሽጉጥ መዞ ሲተኩስበት ተኳሹ ራሱ በእሳት ተያይዞ በመስኮት ይወድቃል። እዚህ ጋ አስተርጓሚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ሰውዬ ሰይጣን ይስባል» አለን። ቤቱ ጸጥ አለ። ዝናቡም ያበረደ መሰለን። እና መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ባለቤቱ «ነገ ኑና ጨርሱት» ብሎ አሰናበተን። ያን ሌሊትና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሰይጣኑ የከተማው ሆነ። ፊልሙን ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ ቡና ላይ አወሩት። ተሰቅሎ የሞተ ሰው ከመቃብር ወጥቶ በእሳት ሰው እንደሚያቃጥል፣ ይህም «በእንግሊዝ አገር የሆነ» እንደሆነ ተነገረ። በማግስቱ መቀመጫ ጠፍቶ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበሩ። አያችሁ አይደል፣ ሁለት ብር የከፈለው ሁሉ የመጣው ሆምስን ለማየት አልነበረም።

ከዚያ ያ ሆምስ የተባለ ሰውዬ ተሠርቶ ባላለቀ ድልድይ ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ይፈታዋል። መቃብሩ ቀድሞ ተሰብሮ በእንቁላልና በማር ድብልቅ የተለጠፈ ድንጋይ ነበር። የተቃጠለው ሰው ዝናብ መስሎ የረጨበት ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። ስቅላቱም የተንኮል አሠራር ነበረው፤ የደም ሥሩ ዝም ማለቱም የአበባ መርዝ። አስተርጓሚያችን እየተረጎመ ሲሄድ ድምፁ እየቀዘቀዘ መጣ። ከኋላ አንዱ «ሶባ!» ብሎ ጮኸ፤ ውሸት ነው ማለቱ ነው። ሌላው ቀጠለ። ገንዘባችን ይመለስልን ያሉም ነበሩ። ሰዉ ሁለት ቀን ሙሉ የፈራውን ነገር በእንቁላልና በማር ለውሰው ሲመልሱለት ምን ይበል?

በከተማው ሆምስን በመጽሐፍ ያነበበ አንድ ሰው እናውቅ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህራችን። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ አሮጌ ቅጽ ነበራቸው፤ ለማንም አያውሱም። ፊልሙን አይተው ነበርና ስንጠይቃቸው «ይሄ ሆምስ አይደለም፣ ዱርዬ ነው» አሉን። እውነተኛው ሆምስ ያ ባለ ሁለት ግንባር ቆብ አድርጎ፣ ጠማማ ፒፓውን ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ጨዋ ሰው እንደሆነ አስረዱን። ለብዙ ዓመታት አመንናቸው።

ኋላ አዲስ አበባ ገብተን መጽሐፎቹን ስናገኛቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ኮናን ዶይል ስለ ሆምስ አራት ልቦለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል። በ1890 በወጣው ሁለተኛው ልቦለድ ውስጥ በር ላይ የቆመ የቀድሞ ቡጢኛ ሆምስን አላስገባም ይለዋል። ሆምስም አንድ ምሽት አብረው ቀለበት ውስጥ መግጠማቸውን ሲያስታውሰው ሰውዬው በደስታ ያስገባዋል። በሌላ ታሪክ መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱን ነገረኛ ዘርሮ ይመጣል። ሰይፍና ዱላም ይችላል። ዶይል ቆቡን መጽሐፉ ውስጥ በዚያ ስሙ አልጻፈውም፤ ያሳረፈለት ለመጽሔቱ ሥዕል ይሠራ የነበረው ሲድኒ ፓጄት ነው። ጠማማው ፒፓ ደግሞ ከቲያትር መድረክ እንደመጣ ይነገራል። መምህራችን የተሟገቱት ለሥዕሉ ነበር ማለት ነው። በውጭ አገር የተንጫጩትም ግማሾቹ እንደሳቸው ናቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነበሩ። መጽሐፉ ሆምስ ያየውን አብዛኛውን ለአንባቢው ያሳየዋል፤ አንባቢ እኩል ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይናደዳል። ፊልሙ ግን ሆምስ ሲያሸት፣ ሲልስ፣ ሲቆነጥር በጥድፊያ ያሳልፍብንና መልሱን መጨረሻ ላይ ይዘረግፈዋል። አብረን እንድናስብ አልጋበዘንም። ያ «ሶባ!» ያለው ሰውዬ ምናልባት ቀድሞ ምልክቱን ቢያይ ኖሮ እንደዚያ ባልተበሳጨ።

ለማንኛውም እኛ ተለክፈን ቀረን። የቀረውን ክረምት አውቶቡስ መናኸሪያ ዳር ቆመን የተሳፋሪ ጫማ ስናይ ከረምን። በዚያው በ1890ው ልቦለድ ሆምስ የዋትሰንን ጫማ አይቶ ፖስታ ቤት ደርሶ እንደመጣ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት መንገዱ ተቆፍሮ ቀላ ያለ አፈር ወጥቷል፣ ያ ዓይነት አፈር ደግሞ በአካባቢው ሌላ ቦታ የለም። ይህን መምህራችን ነግረውን ነበር። እኛም «ይሄ ከጊምቢ ነው»፣ «ያቺ ከአርጆ ነች»፣ «ይሄኛውማ ሻምቡ ውሎ ነው የመጣው» እንባባላለን። ችግሩ ወለጋ ውስጥ ከጊምቢም ና ከነጆ፣ ከሲሬም ና ከጉቴ፣ በክረምት ጫማህ ቀይ ነው። ሱሪህም እስከ ጉልበትህ ቀይ ነው። ሆምስ ነቀምቴ ላይ ቢወለድ ኖሮ ሌላ ሙያ ይፈልግ ነበር እያልን እንስቅ ነበር።

ሳቁ እስከ ጥቅምት ነው የቆየው።

ከመሀላችን የአንዳችን ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ከገጠር መጥቶ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚማር የክፍላችን ልጅ ነበር። በየከተማችን እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ወይ ሰኞ ጠዋት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. አንድ አርብ የአከራይዋ ሞባይል ጠፋ። ያኔ ሞባይል ዛሬ የምናውቀው ሞባይል አይደለም፤ ንብረት ነው። ሴትዮዋ ቅዳሜ አዋቂ ቤት ሄዱ። አዋቂው ምን አላቸው መሰላችሁ? «የሚሄድ የሚመጣ ሰው ነው። ጀርባው ላይ ጭነት አለ። እግሩ ላይ ቀይ አፈር ይታየኛል።»

ቀይ አፈር! እኛ ክረምቱን ሙሉ ሞክረነው ማንንም ከማንም መለየት ያቃተን ምልክት።

ልጁ ሰኞ ጠዋት በሶውን ተሸክሞ ሲገባ የሴትዮዋ ወንድሞች ጠበቁት። ምን እንዳደረጉት በዝርዝር አንጽፍም። አባቱ መጣ፣ ሁለት በግ ሸጦ ከፈለ፣ ልጁን ይዞ ሄደ። ልጁ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ገና ሰሞን የአከራይዋ የበቆሎ ጆንያ ሲገለበጥ ሞባይሉ ከሥሩ ወጣ። ሴትዮዋ ያሉትን እስከ ዛሬ እናስታውሳለን፤ «ሰይጣን ደብቆብኝ» አሉ።

አሁን የኛን ድርሻ እንናገር። ያን አርብ ልጁን ሰባት ሰዓት ላይ መኪና ያሳፈርነው እኛ ነን። ከመሀላችን የግቢው ልጅ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ በዚያው ሞባይል ሲያወሩ ሰምቷል። ሁለቱን ነገር ደምሮ «እሱ ሊሆን አይችልም» ለማለት ሼርሎክ ሆምስ መሆን አያስፈልግም ነበር። ደምረነዋል። እርስ በርሳችን ተነጋግረናል። ለትልልቆቹ ግን አልተናገርንም። ለምን ብትሉን፣ አንደኛ ልጆች ነን፤ ሁለተኛ አዋቂው ተናግሯል፤ ሦስተኛ እንዳንመታ ፈርተናል። የጫማ አፈር እያየን ስንራቀቅ ቆይተን በፊታችን ያለውን ሰው ዝም ብለን አየነው።

ለዚህ ነው ፊልሙ ሆምስን አባለገው የሚለው ክርክር ለኛ ብዙ የማይዋጥልን። በአገራችን ሌባ የሚፈለግበትን መንገድ አስቡት። ሌባሻይ የሚባለው ነበር፤ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዙ ቦታ ይሠራበት ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ ሲንገዳገድ ይለቀቃል፣ መሪው ወገቡ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ማስረጃው ምንድን ነው? መውደቁ። ከዚያ የተሻለው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ አይበተንም። እዚያ ቢያንስ ሰው ለሰው ይናገራል፣ «ያን ቀን እዚህ ነበር» የሚል አይጠፋም። እኛ ግቢ ውስጥ ግን አውጫጭኝ እንኳ አልተደረገም። በቀጥታ ወደ ሌባሻዩ ነው የተሄደው።

ብላክዉድን በእንቁላልና በማር ያፈረሰው ያ ተደባዳቢ ሆምስ ስለዚህ ለኛ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ከቡጢው ሥር ያለው ነገር ከመጽሐፉ ነው፤ ጣት ከመቀሰሩ በፊት ያያል፣ ይለካል፣ ይጠይቃል። ፊልሙ ይህን ጥሎ ቆቡንና ፒፓውን ቢጠብቅ መምህራችን ደስ ይላቸው ነበር። እኛ ግን ግልባጩን እንመርጣለን።

አስቂኙ ነገር ደራሲው ራሱ ከነቀምቴ ተመልካች ጋር «ሶባ!» ባዩ ነበር። ዶይል በመናፍስት ያምናል። ሁለት እንግሊዛውያን ልጃገረዶች ከወረቀት ቆርጠው የሠሯቸውን ተረት መሰል ባለ ክንፍ ፍጡራን ፎቶ አንስተው ሲያሳዩ እውነት ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1922 መጽሐፍ ጽፎላቸዋል። እንግዲህ የሆምስ አባት እንዲህ ከሆነ የኛን ሰዎች ማን ይወቅሳል?

ግን ያው ዶይል ሌላም አድርጓል። ጆርጅ ኢዳልጂ የሚባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር። አባቱ ከቦምቤይ የመጣ፣ በእንግሊዝ የገጠር መንደር ቄስ የሆነ ሰው ነው። መንደሩ ውስጥ ማታ ማታ ከብቶች በስለት ሲተለተሉ ጣቱ ወደነሱ ቤት ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ጆርጅ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሦስት ዓመት ታስሮ ወጣ፣ ስሙ ግን እንደጠፋ ነው። ዶይል ሊያነጋግረው ሆቴል ሲደርስ ልጁ ጋዜጣውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ፣ ወደ ጎን አዘንብሎ ሲያነብ አየው። ይህን ያህል የማያይ ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ፈረስ ሊያርድ አይችልም አለ። በ1907 ጻፈ፣ ተሟገተ፣ በዚያው ዓመት ከከብቱ ክስ ምሕረት ተደረገለት። ካሣ ግን አልሰጡትም። እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚያ ዓመት ስታቋቁም ይህ ጉዳይ አንዱ ገፊ ምክንያት ነበር። እና ይህን ባነበብን ቁጥር ትዝ የሚለን ያ በሶ ተሸክሞ የገባው ልጅ ነው። የሱን የአርብ ጉዞ የምናውቅ እኛ ነበርን።

ሌሎች ሆምሶች ከዚያ በኋላ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቢቢሲ ቤኔዲክት ከምበርባችን በዛሬይቱ ለንደን አስቀመጠው። «ሆምስ በስልክ መልእክት ይጽፋል እንዴ?» የሚል ተቃውሞ ተነሳ። እኛ በዚህኛው ጊዜ ክርክር ውስጥ አልገባንም፤ መጽሐፉን አንብበን ስለነበር ብልሃቱ ገብቶናል። በመጽሐፉ ሆምስ የዋትሰንን ወንድም ሰካራምነት የሚያውቀው ከኪስ ሰዓቱ መሙያ ቀዳዳ ዙሪያ ካለው ጭረት ነው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉን ሲስት የጫረው። በቢቢሲው ሰዓቱ ሞባይል ሆኗል፣ ጭረቱም የቻርጀር ቀዳዳው ዙሪያ ነው። ትርጉም ማለት ይሄ ነው።

ይህን ድራማ ብዙ የወለጋ ልጅ ያየው በፍላሽ ዲስክ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ሲዘጋ፣ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ ፍላሹ ከእጅ እጅ ዞረ። ዘመድ ዘመዱን ደውሎ ማግኘት ባልቻለበት ወር ሼርሎክ በደቂቃ ሦስት መልእክት ሲልክ ማየት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው አይነገርም። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የዶይል ወራሾች «ኢኖላ ሆምስ» የተባለውን ፊልም ከሰሱ፤ ምክንያታቸው ሆምስ ስሜትና ርኅራኄ ማሳየቱ ነው፣ ያንን የሚያሳይባቸው የመጨረሻዎቹ ታሪኮች የኛ ናቸው አሉ። ክሱ ከወራት በኋላ ተዘጋ። ስለ ኬኔት ብራና ፖይሮት ጺም የተባለውን ሁሉ እዚህ ብናነሳ አንጨርስም፤ እንለፈው።

እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው የሚል ሰው መጀመሪያ መጽሐፉ በእጁ ያለ ሰው ነው። እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ ያየነው የሆምስ መጽሐፍ ያ ሽፋን የሌለው የመምህራችን ቅጽ ብቻ ነው። ታላላቆቻችን የሚያነቡት ምስጢራዊ ታሪክ የማሞ ውድነህ «ሰላዩ ሬሳ» ነበር፤ እሱም ትርጉም ነው፣ እሱም እስኪቀዳደድ ይዞራል። ዶይል የሞተው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። የኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት የሚጠብቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ሆምስን ወደ አማርኛም ወደ ኦሮምኛም ለማምጣት ፈቃድ የሚጠየቅበት በር የለም ማለት ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመ፣ ኋላም ነቀምቴ ገብቶ ያስተማረ ሰው ነው። በዚህች ከተማ ትርጉም እንግዳ ሙያ አይደለም። 56 አጫጭር ታሪኮች አሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ አንዱን በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል።

አስተርጓሚያችንን ባለፈው ዓመት አገኘነው። ባጃጅ ይነዳል። አሳፍሮን እየሄደ ስለዚያ ክረምት አነሳንበት። ፊልሙን ያስታውሰዋል፤ መቃብሩን፣ እሳቱን፣ ቁራውን ሳይቀር። እንዴት ነበር ታዲያ አልነው። ትንሽ አሰበና «ጥሩ ፊልም ነበር» አለ፤ «በማግስቱ መብራት ባይመጣ ኖሮ።»